ወይንጠጅ ቀለሙን ስጠብቅ

ላቦራቶሪ ውስጥ የምትወጂው ምርመራ የቱ ነው ብትሉኝ ሳላመነታ ጠቅላላ ፕሮቲን እላችኋለሁ። ዘዴው ቢዩሬት ይባላል። ደሙ ቱቦው ውስጥ እስኪረጋ እንጠብቃለን፣ በሴንትሪፊውጅ እናሽከረክረዋለን፣ ከዚያ ከላይ የሚቀረውን ቢጫማ ፈሳሽ፣ ሴረሙን ማለቴ ነው፣ መዳብ ካለበት ሪኤጀንት (የመመርመሪያ ፈሳሽ) ጋር ስንቀላቅለው ሰማያዊው ቀስ እያለ ወይንጠጅ ይሆናል። ፕሮቲኑ በበዛ ቁጥር ቀለሙ ይደምቃል። ማሽኑ በ540 ናኖሜትር ብርሃን ድምቀቱን ለክቶ ቁጥር ያወጣል። የጤነኛ አዋቂ ብዙውን ጊዜ በዴሲሊትር ከ6 እስከ 8 ግራም አካባቢ ነው።

ግን ማሽኑ የሚለካው የሰጠነውን ነው። ክንድ ላይ የምናስረው ላስቲክ ከ1 ደቂቃ በላይ ከቆየ ውሃው ከደም ስር እየወጣ ፕሮቲኑ እዚያው ይቀራል፣ ውጤቱም ያለ በሽታ ከፍ ይላል። አንድ ቀን የአንዲት እናት ደም ስር አልገኝ ብሎኝ ላስቲኩን አቆየሁባቸው። ቁጥሩ ከፍ ብሎ ሳየው ልቤ አላረፈም። ይቅርታ ጠይቄ እንደገና ቀዳሁ። ወረደ። «አይዞሽ ልጄ» አሉኝ።

አልቡሚን የሚባለውን የደም ፕሮቲን ለብቻው እንለካዋለን። የሚሠራው ጉበት ነው፣ ውሃውን ደም ስር ውስጥ ይዞ የሚያቆየውም በዋናነት እሱ ነው። በጣም ሲያንስ እግር ያብጣል። ጉበቱ መሥራት አቅቶት ነው ወይስ ኩላሊቱ በሽንት እያፈሰሰው? ይህን የደሙ ቁጥር ብቻውን አይነግረንም፤ ስለዚህ ሐኪሙ የሽንት ፕሮቲንም አብሮ ሲያዝ በጣም ደስ ይለኛል።