ውሃው ከየት ነው የሚመጣው?

«ምን በልተሽ ነው?»

ተቅማጥ ሲይዘኝ መጀመሪያ የምሰማው ጥያቄ ይሄ ነው። እናቴም፣ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼም፣ መድኃኒት ቤት ያለው ልጅም ይጠይቁኛል። አይፈረድባቸውም። እኛ ሀገር ሆድ ሲበላሽ ወይ በደንብ ያልታጠበ ሰላጣ ነው፣ ወይ አሜባ ነው፣ ወይ ጃርዲያ ነው። የኔ ግን ከምግብ አልመጣም። አልሰሬቲቭ ኮላይተስ ይባላል። ሐኪሞች የአንጀት ብግነት፣ ማለትም የአንጀት መቆጣትና መቁሰል፣ ከሚሏቸው ሁለት ዋና ዋና በሽታዎች አንዱ ነው፤ ሌላኛው ክሮንስ ነው። በሁለቱም የሰውነት መከላከያ በገዛ አንጀቱ ላይ ይነሳል።

ዛሬ ስለ ተቅማጡ ራሱ መጻፍ ፈለግኩ። ስለ በሽታው ሲወራ ተቅማጡ በአንድ ቃል ይታለፍና ወደ መድኃኒቱ ይኬዳል። የኔን ቀን የሚወስነው ግን እሱ ነው። ስብሰባ ልግባ አልግባ፣ ታክሲ ልያዝ ወይስ ልቅር፣ ሠርግ ቤት የት ልቀመጥ፣ ሁሉንም የሚቆርጠው እሱ ነው።

ብዛቱ ይገርመኝ ነበር። ምግብ አስጠልቶኝ፣ ሻይ ብቻ ፉት ብዬ በዋልኩበት ቀን ያ ሁሉ ውሃ ከየት ይመጣል? ሐኪሜ አንድ ቀን ወረቀት ላይ አንጀት ስሎ አስረዳኝ። በቀን 9 ሊትር ገደማ ፈሳሽ በአንጀታችን ያልፋል። ከዚህ ውስጥ ከምንበላውና ከምንጠጣው የሚገኘው 2 ሊትር ያህል ነው። ቀሪውን ሰውነታችን ራሱ ያመነጨዋል፤ ምራቅ፣ የጨጓራ አሲድ፣ ሐሞት፣ የቆሽትና የአንጀት ፈሳሽ። ትንሹ አንጀት አብዛኛውን መልሶ ይመጠዋል። ወደ ትልቁ አንጀት የሚደርሰው ከ1 እስከ 1.5 ሊትር ነው። ትልቁ አንጀት ደግሞ እሱንም ስቦ ስቦ፣ በጤናማ ሰው ከሰገራ ጋር የሚወጣው ውሃ 200 ሚሊ ሊትር እንኳ አይሞላም።

ይሄን ሁሉ ውሃ የሚስበው በጨው ነው። የአንጀት ግድግዳ ጨውን ወደ ደም ያስገባል፣ ውሃው ጨውን ተከትሎ ይገባል። ግድግዳው ሲቆጣ ጨው የሚስቡት ሴሎች ይደክማሉ፤ ውሃው እዚያው ይቀራል። በዚህ ላይ ሴሎቹ እርስ በርስ የተያያዙበት መጋጠሚያ ይላላል። ገብቶ መቅረት የነበረበት ፈሳሽ ተመልሶ ወደ አንጀት ይንጠባጠባል። ከቁስሉ ደግሞ ደም፣ መግልና ንፍጥ ይጨመርበታል። ባልበላም የማይቆመው ለዚህ ነው። ይሄን ስሰማ ከራሴ ጋር የነበረኝ ጸብ በረደልኝ።

ኮሎኖስኮፒ፣ ካሜራ ያለው ቱቦ አስገብቶ ትልቁን አንጀት የሚያይ ምርመራ፣ ሲሠራልኝ የተሰጠኝ ማደንዘዣ ቀለል ያለ ስለነበር ስክሪኑን አየሁት። ከፍ ብሎ ያለው ክፍል ሮዝ ነው፣ ያብረቀርቃል። ቀጫጭን የደም ሥሮች እንደ ቅጠል ጅማት ተዘርግተው ይታያሉ። ወደ ታች ሲወርድ ቀለሙ ቀላ፣ የደም ሥሮቹ ጠፉ፣ የመሣሪያው ጫፍ ገና ነካ ሲያደርገው ደማ። ያንን ያየ ሰው «ምን በልተሽ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አይመስለኝም።

ከብዛቱ ይልቅ የሚያሰቃየኝ ግን ጥድፊያው ነው። የአንጀታችን መጨረሻ ጤናማ ሲሆን ይለጠጣል፤ ሰገራ ሲመጣ አመቺ ሰዓት እስኪገኝ ይይዛል። ሲቆስል ግትር ይሆናል፣ መለጠጥ ያቅተዋል፣ ትንሽ ነገር ሲደርሰው ሞላሁ ይላል። ከመገናኛ ታክሲ ተሳፍሬ መንገዱ ሲዘጋጋ በላብ የምጠመቀው ለዚህ ነው። ካፌ ገብቼ ማኪያቶ የማዘው ብዙ ጊዜ ማኪያቶ አምሮኝ አይደለም። ሮጬ ደርሼም የሚወጣው አንዳንዴ ጠብታ ደምና ንፍጥ ብቻ ነው። ከዚያ ያው ቁጭ ብሎ ማማጥ ነው። ብግነቱ እዚያ መጨረሻው ላይ ብቻ ሲሆን ደግሞ ከላይ ድርቀት፣ ከታች ጥድፊያ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። ለሰው ሲነገር እንኳ የማይታመን ነገር ነው።

ክሮንስ ያለበት አብሮ አደጌ ነገሩ ከኔ ይለያል። የትንሹ አንጀቱ መጨረሻ ተቆርጦ ወጥቶለታል። ብግነቱ ጠፍቶ እንኳ ተቅማጡ አልቆመም። ያ ቦታ ሐሞት ተመልሶ የሚመጠጥበት ነው። እሱ ሲጎድል ሐሞቱ ወደ ትልቁ አንጀት ያልፍና ግድግዳውን ቆስቁሶ ውሃ ያስፈስሰዋል። ሐሞቱን የሚይዝ መድኃኒት ተሰጥቶት ነው የተሻለው። ቫይታሚን ቢ12ም የሚመጠጠው እዚያው ስለሆነ በመርፌ ይወስዳል። ስለዚህ ተቅማጥ ሁሉ በሽታው አገረሸ ማለት አይደለም።

ሕመሜ እስኪታወቅ ድረስ ደጋግሜ የአሜባ መድኃኒት ውጫለሁ። አሜባን ቀድሞ መጠርጠሩ ልክ ነው። የአንጀት ቲቢም ክሮንስን ቁርጥ አድርጎ ይመስላል፤ ሳይለይ ፕሬድኒሶሎን፣ የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት፣ ቢጀመር ቲቢው ይብሳል። የምቃወመው ምርመራው እዚያ ላይ ሲቆም ነው። ደም ያለበት ተቅማጥ ሳምንታት ከቆየ፣ ከእንቅልፍ ካስነሳ፣ ኪሎ ከቀነሰ፣ ሌላ ክኒን ከመዋጥ በፊት «ኮሎኖስኮፒ ያስፈልገኝ ይሆን?» ብላችሁ ጠይቁ። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚያስነሳ ተቅማጥ በተለይ ዝም አይባልም።

ማቆሚያ ክኒን፣ ሎፔራማይድን ማለቴ ነው፣ ደም እያለ በራሳችሁ አትጀምሩ። በጣም የተቆጣ ትልቅ አንጀት ሥራው ሲገታ ሊነፋ፣ ብሎም ሊበሳ ይችላል። ኦአርኤስ፣ በውሃ የሚበጠበጠው የጨውና የስኳር ዱቄት፣ ግን ቦርሳዬ ውስጥ አይጠፋም። የኔ ሕመም ያለው ትልቁ አንጀት ላይ ነው፤ ትንሹ አንጀቴ ደህና ስለሆነ ጨውና ስኳሩን ይዞ ውሃውን ያስገባልኛል።

አሁን ሜሳላዚን የሚባል ብግነቱን የሚያበርድ መድኃኒት ላይ ነኝ። ሰገራዬ ደህና ከሆነ ቆይቷል። እናቴ «ከዳንሽ ለምን ትውጪዋለሽ?» ትለኛለች። ተቅማጡ ቢቆምም ግድግዳው ውስጥ ብግነት ሊኖር እንደሚችል ነገርኳት። ገና አላመነችኝም፤ በሚቀጥለው ቀጠሮዬ አብራኝ መጥታ ሐኪሙን ራሷ ልትጠይቀው ነው።