ሱሉልታ፣ ጠመንጃ ካስረከቡ ሰው ቤት

ከአዲሱ ገበያ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ የእንጦጦን ዳገት ጨርሶ ወደ ሱሉልታ ሲወርድ ብርዱ ተቀበለን። ኅዳር ነው። ሜዳው ላይ ሣር ታጭዶ ይከመራል።

የሄድኩት የአባቴን የድሮ ጓደኛ ልጠይቅ ነው። ጋሼ የቀድሞው ሠራዊት አባል ነበሩ። በ1983 ደርግ ወድቆ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋው ሠራዊት ሲበተን እሳቸውም ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ዛሬ ላም አርብተው ወተት ይሸጣሉ። ስለ ሰላም ስምምነት ሳነሳባቸው፣ “ፊርማውን ተወው ልጄ። ጠመንጃውን ያስረከበ ሰው በሚቀጥለው ወር ምን ይበላል? እሱን ጠይቅ” አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። አንጎላ እ.ኤ.አ. በ1991 ስትፈርም የተባበሩት መንግሥታት የላከው ጥቂት መቶ ታዛቢ ነበር። ሠራዊቱ ሳይበተን በ1992 ምርጫ ተደረገ። የአማፂው የዩኒታ መሪ ሳቪምቢ ውጤቱን አልቀበልም አለ። ተዋጊዎቹ ከነትጥቃቸው ነበሩና ጦርነቱ እስከ 2002 ዘለቀ።

ሞዛምቢክ ሮም ላይ የፈረመችው የአንጎላው ምርጫ በተደረገ ሰሞን ነው። ከ6 ሺህ በላይ ሰላም አስከባሪ ገባላት። ምርጫውም ታጣቂው እስኪሰበሰብ ወደ 1994 ተገፋ። የተሰናበተ ወታደር ለሁለት ዓመት ክፍያ ያገኝ ነበር፤ የሚቀበለውም ሊኖርበት በመረጠው አካባቢ ካለ ባንክ ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ ይኼ ነው። ሰውየው ብሩን ለመውሰድ ካምፕ ሳይሆን ሰፈሩ መገኘት ነበረበት። ነገሩ ሁሉ አማረ ማለት አይደለም፤ ትጥቅ ያልፈቱ የአማፂው ቡድን የሬናሞ ሰዎች ስለነበሩ በ2013 ተኩስ ተመልሶ፣ በ2019 ሌላ ስምምነት አስፈልጓል።

ላይቤሪያ ላይ ደግሞ ትጥቅ ማስፈታቱን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2003 ሳይዘጋጁ ጀመሩት። ታጣቂው ከታሰበው በላይ ጎረፈ፣ በገንዘቡ ረብሻ ተነሳ፣ ሰው ሞተ። ሥራው እስከ ሚያዝያ ቆመ።

“ለእናንተስ ምን ተደረገላችሁ?” አልኳቸው ቡና እየጠጣን።

“አገር ቤት የገባው መሬትም ዘርም አገኘ። ከተማ የቀረነው ግን ብዙ ተንከራተናል።”

የእኛው ብሔራዊ ተሀድሶ ኮሚሽን በኅዳር 2017 ዓ.ም. ትግራይ ላይ ሥራ ሲጀምር፣ በየክልሉ ያሉ ከ371 ሺህ በላይ የቀድሞ ታጣቂዎችን መልሶ ሊያቋቁም አቅዶ ነው። የጋሼን ጥያቄ ለኮሚሽኑ ባቀርብለት ደስ ይለኛል፦ ከካምፕ ሲወጣ ከሚሰጠው ብር በኋላ፣ በስድስተኛው ወር ቀበሌው ድረስ ሄዶ “እንዴት ሆንክ?” የሚለው ማን ነው? በጀቱስ ተይዟል?