ሁዳዴ የገባው በኬሞው መሐል ነው

እናቴ የጡት ካንሰር እንዳለባት ሲነገረን የሦስታችንም ስልክ በአንድ ሌሊት ሐኪም ሆነ። እኔ ሚኒያፖሊስ ነኝ፣ ወንድሜ ቶሮንቶ፣ ታናሻችን ዱባይ። ወንድሜ «ካንሰርን አስርበህ ግደለው» የሚል ቪዲዮ ላከ። ታናሿ ስኳር ይቁም አለች። አንድ የሠፈራችን ልጅ ደግሞ የእርድና የነጭ ሽንኩርት ውህድ ከነአወሳሰዱ ጽፎ ለቀቀልን። እናቴ ማንንም አልሰማች። ኬሞ የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት እየወሰደች 2017 ዓ.ም. ሁዳዴ ገብቶ ነበርና ጾሟን ይዛለች፤ ከ9 ሰዓት በፊት እህል አትቀምስም። ወንድሜ «አያችሁ፣ እማዬ እንኳ ገብቷታል!» አለ።

ፈቃድ ለምኜ ጎንደር ወረድኩ። ፊቷ እምብዛም አልተለወጠም። የጋብቻ ቀለበቷ ግን ከጣቷ እንዳይወልቅ ክር ጠምጥማበታለች። ያን ክር ካየሁ በኋላ ቪዲዮ የሚባል ነገር አላስደሰተኝም።

ለወንድሜ ፍርድ ላለማጓደል፣ ነገሩ ከሜዳ የመጣ አይደለም። በ2008 በፈረንጆቹ አሜሪካ ውስጥ በአይጦች ላይ የተሠራ ጥናት አለ። ከኬሞ በፊት ለአጭር ጊዜ የተራቡት አይጦች መድኃኒቱን የተሻለ ቻሉት። እናቴ ግን አይጥ አይደለችም። በ2020 ኔዘርላንድ ውስጥ የጡት ካንሰር ባለባቸው 131 ሴቶች ላይ የተሞከረው ሌላ ነው። ግማሾቹ ከኬሞው በፊት ባሉት 3 ቀናትና በዕለቱ በጣም ትንሽ ብቻ እንዲበሉ ተደረገ። የጎንዮሽ ጉዳቱ ከሌሎቹ አላነሰም፤ አብዛኞቹም አመጋገቡን እስከ መጨረሻው መቀጠል አቃታቸው። ያውም በሐኪም ክትትል ሥር ነው። ክብደቷ እየወረደ ያለች ሴት 55 ቀን እስከ 9 ሰዓት እንድትቆይ የሚል ጥናት የለም። የሐኪሞቹ መመሪያ እንዲያውም ተቃራኒውን ነው የሚለው፤ ኬሞ ላይ ያለ ሰው በተለይ ፕሮቲን ይጨምር፣ ለእያንዳንዱ የክብደቱ ኪሎ በቀን እስከ 1.5 ግራም ድረስ። እናቴ ወደ 50 ኪሎ ናት። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ነው ያለው። ሒሳቡን ስሠራ ራሴን ያዝኩ።

መድኃኒቱ ቶሎ ቶሎ የሚባዛን ሴል ነው የሚያሳድደው። ካንሰሩ እንዲያ ነው፤ የአፍና የአንጀት ሽፋን፣ ፀጉርና መቅኒም እንዲያው ናቸው። ለዚህ ነው አፏ የቆሰለው። በርበሬ ያቃጥላታል፣ እንጀራው ሆምጥጦ ይቆረቁራታል፣ ማንኪያው ብረት ብረት ይላታል። ማንኪያውን በፕላስቲክ ቀየርነው። ወጡን አልጫ አደረግነው።

ምግቡ ግን ቀላሉ ነበር። ከባዱ ጾሙ ነው። «በስተርጅና ጾሜን ልግደፍ?» ትለኛለች። እኔ ልከራከር አልፈለግኩም፤ ከውጭ የመጣ ልጅ ስለ ጾም ሲናገር እንዴት እንደሚሰማ አውቃለሁ። የንስሐ አባቷን ጠራናቸው።

አባ ቡናውን ሳይጨርሱ ጀመሩ። «ልጄ፣ ጾም ለጤነኛ ነው የተሠራ። ፍትሐ ነገሥቱም በሽተኛን አያስገድድም። አንቺ አሁን መድኃኒትሽን በሰዓቱ ብትወስጂ እሱ ነው ጾምሽ።»

«እሺ አባ። ግን የፍስኩ ይቅርብኝ፤ በቀረው ልታዘዝ።»

እንደ ገበያ ሰው ተከራከሩ። መጨረሻ ላይ በዚህ ተስማሙ፤ ሰዓት አትጠብቅም፣ ጠዋት ትበላለች፣ የምትበላው ግን የጾም ነው። ክብደቷ ከወረደ እንቁላልና ወተት ይገባል። ጠበሉንም አባ ራሳቸው አነሱት። ሐኪሟ ያልፈላ ውኃ አትጠጣ ብሎ ስለነበር ይረጯታል፣ አያስጠጧትም ተባለ። ከመርፌው በኋላ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ድረስ ነጭ የደም ሴል ይወርዳልና ሐኪሙ በዚህ አይቀልድም። ሰላጣ የለም፣ ጥሬ ሥጋማ ጭራሽ አይነሳም። ትኩሳቷ 38 ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው።

ከዚያ በኋላ ማዕድ ቤቱ የእኔ ሆነ። የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ወጥ ቤት ውስጥ ስለሆነ መፍጨትና ማለስለስ እችልበታለሁ። የጾም ምግባችን ለካ ብዙ ነገር ይዟል። ሽሮ አልጫ ፍትፍት በዘይት ጠገብ ብሎ፣ የምስር ሾርባ፣ የአጃ አጥሚት ኦቾሎኒ ተፈጭቶበት፣ በሶ በማር። የመተማ ሰሊጥ ከቅዳሜ ገበያ ገዝቼ ቆልቼ እወቅጠዋለሁ፤ ባገኘሁት ሁሉ ላይ እነሰንሳለሁ። ሦስት ጊዜ በሳህን ሙሉ ማቅረብ አልሆነም። በየሁለት ሰዓቱ በቡና ሲኒ ሲሆን ነው ሳታየው የሚያልቀው።

ሆኖም ሚዛኑ ወረደ። ስለዚህ እንቁላል።

በሁዳዴ ከእኛ ግቢ የእንቁላል ሽታ ሊወጣ ነው! እናቴ ከበሽታው በላይ ይህ አስጨነቃት። የፈታችው ሙስሊሟ ጎረቤታችን ናት። ያን ጊዜ ረመዳን ስለነበር እሷም ጿሚ ናት። «እታለም፣ በእኛም ቤት በሽተኛ ይፈታል፤ ሲሻለው ያወጣዋል። ለልጆች እንደምቀቅለው እቀቅልልሻለሁ» አለች። በየጠዋቱ ሁለት እንቁላል፣ አስኳሉ እስኪጠነክር የበሰለ፣ በፎጣ ተጠቅልሎ በአጥር በኩል ይመጣል። እናቴ አማትባ በጨው ትበላለች። ለማን እንደሆነ ሠፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ማንም ቃል አልተነፈሰም።

ቀጣዩ ኬሞ ሳይዘገይ በቀኑ ተሰጣት። የደሟ ውጤትም ሐኪሙን አስደስቶታል። ለወንድሜ ደውዬ የቪዲዮውን ትተህ የእንቁላሉን ላክ አልኩት። ሳቀ፣ ላከም። አሁን ደግሞ ታናሿ ከዱባይ በሰው እጅ የላከችው ትልቅ የፕሮቲን ዱቄት ደርሷል። ለሐኪሟ እስክናሳየው ድረስ ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጧል።