የእንጦጦ ቁልቁለት በብርድ፦ ከጓንት እስከ ፍሬን እስካሁን የያዝነው

በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት እንጦጦ ላይ ለተራራ ብስክሌት ውድድር የሚዘጋጅ ጀማሪ ልብስ የሚደራርበው ለሽቅቡ ነው። ሽቅብ ላይ ግን ማንም አይበርደውም። ብርዱ ሰው የሚጥለው ቁልቁለቱ ላይ ነው፤ ልብስ በላብ ከራሰ፣ እግር መርገጥ ካቆመና ፍጥነት ከጨመረ በኋላ። አየሩ 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚወርድ ሰው ቆዳው ላይ የሚሰማው ከዜሮ በታች 1 ዲግሪ ያህል ነው። የደነዘዘ ጣት ደግሞ ፍሬን አይመጥንም፤ ወይ ይዘገያል፣ ወይ ባንዴ ጨብጦ ጎማውን ይቆልፋል። ስለዚህ የዚህ ዙር ማስታወሻ ይበልጡን ከጫፍ ወደ ታች ስላለው መንገድ ነው።

መስቀል አደባባይ 2,350 ሜትር ገደማ ነው፤ የእንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ያልፋል። በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ ከ4 እስከ 5 ዲግሪ ልዩነት ይጠበቃል። ደመና በሌለው ሌሊት ማግሥት ግን ነገሩ ይገለበጣል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ወደ ዝቅታው ይወርድና የሱሉልታ ሜዳ ውርጭ ለብሶ ሲያድር ጫፉ ሻል ይላል። መስመሩ በሱሉልታ በኩል የሚወርድ ከሆነ ጫፍ ላይ «ሞቀ» ብሎ ጃኬት ማውለቅ አያዋጣም።

ከውስጥ የጥጥ ካናቴራ አይለበስም፤ ላቡን ይዞ ይቀራል። ተራ የኳስ ማሊያ ይሻላል። ከላይ ነፋስ የማያስገባ ስስ ጃኬት፣ ሽቅብ ላይ ዚፑ እስከ ሆድ ተከፍቶ፣ ጫፍ ላይ ይዘጋል። ጃኬት የሌለው ሁለት ገጽ ጋዜጣ አጥፎ ኪሱ ይያዝና መውረድ ሲጀምር ደረቱ ላይ ማሊያው ሥር ይክተት፤ የድሮ ብስክሌተኞች ዘዴ ነው፣ ዛሬም ይሠራል። ካልሲ መደረብ ግን ጉዳት አለው። ጫማው ሲጠብ ደም አይዘዋወርም፣ ጣት ይብስ ይደነዝዛል። አንድ ወፍራም ካልሲ ይበቃል። ጋቢ እስከ መነሻው መስመር ድረስ ይለበሳል፤ ከዚያ ለጓደኛ ይሰጣል።

ለእጅ ከሁሉ የረከሰው መፍትሔ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው ስስ የሐኪም ጓንት ነው። ከሥር እሱ፣ ከላይ የተለመደው ባለ ሙሉ ጣት ጓንት። እጅ ውስጡ ያልበዋል፣ ግን ነፋስ አያገኘውም። ወፍራም የሱፍ ጓንት አንመክርም፤ የፍሬን መያዣው ላይ ያንሸራትታል።

ብርድ ሲሆን ሁሉም ፊቱንና እጁን ቫዝሊን ይቀባል፤ ከዚያ በዚያው እጅ ጎማ ያወጣል፣ ያስገባል። በጎማው መሐል ያለውን የብረት ሳህን (ዲስክ) ጨብጦ ለሚያቆም የዲስክ ፍሬን ትልቁ ጠላት ይኸው ነው። ዲስኩን የነካ ቅባት በመጀመሪያው ረጅም ቁልቁለት ዲስኩን ወደሚጨብጠው የፍሬን ሸራ ይገባል፤ ፍሬኑ ይጮኻል እንጂ አይዝም። ዲስኩን በንጹሕ ጨርቅና በአልኮል መጥረግ፣ የሸራውን ፊት በብርጭቆ ወረቀት ስስ አድርጎ ማንሣት ይቻላል። ቅባቱ ጠልቆ ከሆነ ግን ሸራው ይጣላል፤ ሌላ መላ የለውም። ቫዝሊኑ የሥራው መጨረሻ ይሁን፣ ጓንት ከማጥለቅ በፊት።

ሸራ ሁለት ዓይነት ነው። ከሙጫ የተሠራው በብርድም ቶሎ ይይዛል፣ ድምፁም ዝቅ ያለ ነው፤ ረጅም ቁልቁለት ላይ ግን ሲግል ይደክማል፣ ቶሎም ያልቃል። ብረት ያለበት ሙቀት ይችላል፤ እስኪሞቅ ድረስ ግን የመጀመሪያው ጭብጥ ደካማ ነው፣ ስለዚህ ከጫፍ ሲነሡ ሁለት ሦስት ጊዜ ያዝ ለቀቅ አድርጎ ማሞቅ ያስፈልጋል። አንዳንድ ዲስክ ላይ የሙጫ ሸራ ብቻ እንዲገጠም ተጽፎበታል፤ ሳያነቡ ብረቱን መግጠም ዲስኩን ይበላዋል። የሸራው ውፍረት 1 ሚሊ ሜትር ከደረሰ ለውድድር አይበቃም። በሽቦ የሚሠራ ፍሬን ከሆነ ሸራው ሲያልቅ መያዣው ወደ መሪው እየቀረበ ስለሚመጣ ሽቦው ጫፍ ላይ ያለችውን ማስተካከያ ግማሽ ዙር ወደ ውጭ ማዞር ሽቦውን ይወጥረዋል። ቁልቁለቱን በሙሉ ፍሬን ይዞ መውረድ ሁለቱንም ዓይነት ያቃጥላል፤ ከመታጠፊያው በፊት ጠበቅ አድርጎ ይዞ መልቀቅ ነው።

ጎማ ላይ ዋናው ስህተት ለመኪና በለመደ ጎሚስታ ማስነፋት ነው። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው፣ ከመነዳሪ ላለው የ2.2 ኢንች ጎማ፣ ከፊት 1.9 ባር፣ ከኋላ 2.1 ባር ጥሩ መነሻ ነው። ከዚያ በላይ ሲነፋ በደረቁ ቀይ አፈር ላይ ይንሸራተታል፤ በጣም ሲያንስ ደግሞ ድንጋይ ሲመታ ከመነዳሪው ከቸርኬው ጋር ተቆንጥጦ ጎን ለጎን ሁለት ቦታ ይበሳል። ማታ በ20 ዲግሪ ቤት ውስጥ የተነፋ ጎማ ጠዋት በ5 ዲግሪ 0.13 ባር ያህል ይቀንሳል። ከከተማው ወደ ጫፍ ሲወጣ የውጭው ግፊት ስለሚቀንስ 0.06 ያህሉ ተመልሶ ይገኛል። ማታ 0.07 መጨመር በቂ ነው፤ መነሻው ቦታ መለካት ከሁሉ ይሻላል። መለጠፊያ ማስቲሽ በብርድና በጤዛ ስለማይደርቅ መንገድ ላይ አይለጠፍም፤ ትርፍ ከመነዳሪ ይያዛል።

ባሕር ዛፉ መሐል የሚያሠጋው ቅጠሉ ብቻ አይደለም። ጤዛ ያረፈበት ቅጠል ያንሸራትታል፣ ይህ የታወቀ ነው። ተልጦ የወደቀው ረጅም ልጣጭ ግን የኋላ ማርሽ መቀየሪያው ውስጥ ተጠምጥሞ ይሰብረዋል። የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ሲሰማ ወዲያው መርገጥ ማቆም። በልምምድ ቀን ደግሞ መንገዱ የእንጨት ተሸካሚ እናቶች ነው፤ ሸክማቸው ወደ ጎን ሰፊ ስለሆነ ሊያሳልፉ አይችሉም። ከሩቅ ድምፅ አሰምቶ፣ ቆሞ ማሳለፍ የእኛ ፋንታ ነው።

በሶ ከመነሣት ሁለት ሰዓት በፊት ጥሩ ነው፤ በውድድር መሐል ሆድ ይከብዳል፣ የኮዳውንም አፍ ይደፍናል። ለመንገድ ግማሽ ሊትር ለብ ያለ ውኃ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ማርና ቁንጥር ጨው ለአንድ ሰዓት ይሆናል። በብርድ ጥም ስለማይሰማ በየ15 ደቂቃው መጎንጨት ይለመድ። ሰውነት ማሟሟቁ 20 ደቂቃ፣ ጃኬት ሳይወልቅ። የመጀመሪያዎቹን 5 ደቂቃ አጭር ዓረፍተ ነገር መናገር በሚያስችል ፍጥነት መውጣት፤ በዚህ ከፍታ ኦክስጅኑ ከባሕር ወለል በ30 በመቶ ገደማ ስለሚያንስ አንዴ የተቃጠለ ትንፋሽ ቶሎ አይመለስም።

ለሚቀጥለው ዙር የተያዘው ከፊት የብረት፣ ከኋላ የሙጫ ሸራ ገጥሞ በዚያው ቁልቁለት መሞከር ነው። ውፍረቱ ከመውረድ በፊትና በኋላ በካሊፐር (ውፍረት መለኪያ) ይለካል።