የባሕር ሞገድ ትንበያ ለለመደ ሰው የጣና ነፋስ፤ ለጣና ልጅ ደግሞ የባሕር ሞገድ

ለገና ወይም ለጥምቀት ባሕር ዳር ከሚገቡት ወገኖቻችን ብዙዎቹ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች የሚመጡ ናቸው፤ ከሎስ አንጀለስ፣ ከሳን ዲዬጎ፣ ከሜልቦርን፣ ከቴል አቪቭ። እዚያ ልጆቹ ሰርፍ (በሰሌዳ ሞገድ ላይ መንሸራተት) ይማራሉ፣ ወላጆችም ቅዳሜ ጠዋት መኪና ከማስነሳታቸው በፊት በስልክ የሞገድ ትንበያ ማየት ለምደዋል። ጣና ዳር ሲደርሱ ያንኑ አፕ ይከፍታሉ፣ የሞገዱ ቦታ ባዶ ሆኖ ያገኙታል፣ «ዛሬ ሞገድ የለም» ብለው ከምሳ በኋላ ጀልባ ይከራያሉ። አደጋው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

አፑ አልዋሸም። የሞገድ ትንበያዎቹ የተሠሩት ለባሕር ስለሆነ ሐይቅ ላይ ባዶ ቢያሳዩ አይገርምም። የነፋሱ ቁጥርም ቢሆን በጥንቃቄ የሚነበብ ነው። የአሜሪካው ጂኤፍኤስ የሚባለው የአየር ትንበያ ሞዴል ውጤቱ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ዓለምን 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ባላቸው ካሬዎች ከፍሎ ነው፤ የአውሮፓው ኢሲኤምደብሊውኤፍ 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጣና ከሰሜን እስከ ደቡብ 84፣ ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ 66 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ለመጀመሪያው ሞዴል ጥቂት ካሬ ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ የሚነሣው የሐይቁ ነፋስ እዚያ ውስጥ ይሟሟል። ዊንዲ ወይም ዊንድጉሩ የሚባሉትን የነፋስ ትንበያ አፖች የምትጠቀሙ ከሆነ የአውሮፓውን ሞዴል ምረጡ፣ አማካዩን ብቻ ሳይሆን የድንገተኛ ነፋሱን መስመርም አንብቡ፣ መለኪያው ኖት ይሁን ኪሎ ሜትር አረጋግጡ፤ 1 ኖት 1.85 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። ሰዓቱንም አትርሱ፦ ስልኩ 15 ሰዓት የሚለው የጀልባ ነጂው 9 ሰዓት ነው። «በ9 እንገናኝ» ተባብለው አንዱ ጠዋት ሌላው ከሰዓት በኋላ ወደብ ላይ የሚቆምበት ጊዜ አለ።

በባሕርና በጣና መካከል ያለው ዋና ልዩነት የሞገዱ ምንጭ ነው። ካሊፎርኒያ ዳርቻ በእነሱ በጋ፣ በእኛ ክረምት፣ የሚደርስ ትልቅ ሞገድ ብዙ ጊዜ ከሳምንት በፊት በደቡባዊው ውቅያኖስ የነፈሰ ማዕበል የላከው ነው። በሁለት ሞገድ መካከል 14 ሰከንድ ያለው ሞገድ በቀን ከ900 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ስለዚህ ሰማዩ ጠርቶ፣ ቅጠል ሳይወዛወዝ፣ ዳርቻው ላይ የሰው ቁመት ያለው ሞገድ ሊሰበር ይችላል። ሰርፍ የሚያውቅ ሰው ከሞገዱ ከፍታ ይልቅ ሰከንዱን አስቀድሞ የሚያየውም ለዚህ ነው፤ ከፍታቸው እኩል 1 ሜትር ከሆነ ባለ 14 ሰከንዱ ከባለ 5 ሰከንዱ ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ጉልበት ይዞ ይመጣል።

ጣና ላይ ከሩቅ የሚመጣ ሞገድ የለም። ሞገዱን የሚሠራው ፊታችሁን የሚነካው ነፋስ ራሱ ነው፤ የሚነሣውም የሚተኛውም ከነፋሱ ጋር ነው። በበጋው ወራት፣ ከጥቅምት እስከ ግንቦት፣ ሰማዩ በአብዛኛው የጠራ ስለሆነ ነፋሱ ሰዓት ይጠብቃል። ሌሊት የብሱ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ቀላል ነፋስ ከከተማው ወደ ውኃው ይወጣል። ፀሐይ የብሱን ካሞቀችው በኋላ ይገለበጥና ከሐይቁ ወደ ከተማው ይነፍሳል፤ ባሕር ዳር ደቡብ ጫፍ ላይ ስላለች ለእኛ ከሰሜን ማለት ነው። ጎርጎራ ሰሜን ጫፍ ላይ ስለሆነች እዚያ ግልባጩ ነው። ጠዋት ከ1 እስከ 4 ሰዓት ያለው ውኃ ለጉዞ ምርጡ ነው። ከ6 ሰዓት በኋላ መነሣት ይጀምራል፣ ከ8 እስከ 11 ይበረታል፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ይላላል።

መጠኑን ለማወቅ ሒሳቡ አስቸጋሪ አይደለም። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚነፍስ ነፋስ 30 ኪሎ ሜትር ክፍት ውኃ ላይ ለጥቂት ሰዓታት ሲሮጥ ግማሽ ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው፣ በየ3 እና 4 ሰከንዱ የሚመጣ ሞገድ ይሠራል። ነፋሱ 35 ኪሎ ሜትር ደርሶ ሐይቁን በሙሉ ርዝመቱ ከያዘው ወደ 1 ሜትር ይጠጋል። ሰርፍ የለመደ ልጅ «ግማሽ ሜትር ምን አላት?» ይላል። ጉዳቱ ከፍታው ላይ አይደለም። ባለ 14 ሰከንዱ የባሕር ሞገድ ጥልቅ ውኃ ላይ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው 300 ሜትር ይረዝማል፤ ጀልባ ቀስ ብሎ ይወጣበታል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል። የጣናው ከ14 እስከ 25 ሜትር ነው። አንዱን ወጥታችሁ ሳትጨርሱ ሁለተኛው የጀልባውን አፍንጫ ይመታል። ለሰርፍ የማይሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሰሌዳው ላይ ለመነሣት ጊዜ ሳይሰጥ ይሰበራል።

ከሆቴል በረንዳ ሆኖ ውኃውን መገመት አሳሳች ነው። ጠዋት ነፋሱ ከየብስ ሲወጣ ዳር ዳሩን ሞገድ ለመሥራት ርቀት ስለማያገኝ ውኃው የተኛ ይመስላል። የባሕር ዳር ወሽመጥም በዘጌ ልሳነ ምድር የተከለለ ስለሆነ ከወደቡ የሚታየው ውኃ ከዘጌ ወዲያ ያለውን አይናገርም። ደብረ ማርያም ቅርብ ናት። ክብራንና እንጦስም ሩቅ አይደሉም። ዘጌ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም፣ ለግማሽ ቀን ይበቃሉ። ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ደቅ ላይ ያለው ናርጋ ሥላሴ ወይም ጣና ቂርቆስ ከታሰቡ ግን መንገዱ የሰዓታት ነው፣ ክፍት ውኃም ይቆርጣል። ለእነዚያ ጎሕ ሲቀድ መነሣት፣ ቢቻል እዚያው ማደር፤ አዳሩ የማይሆን ከሆነ ለሌላ ቀን ማቆየት ይሻላል።

ነጂውን «ዛሬ ደህና ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁት «ደህና ነው» ይላችኋል። እንዲህ ጠይቁት፦ «ጋሼ፣ ከዘጌ ወዲያ ውኃው ዛሬ እንዴት ነው? በስንት ሰዓት ነው የሚነሣው? ስንመለስ በየት በኩል ይመታናል?» የውኃ ሰው ለዚህ ጥያቄ ዝርዝር መልስ አለው፤ ስንት ሰዓት ላይ መመለስ እንዳለባችሁም ራሱ ይነግራችኋል። በደንገል ታንኳ የሚያጠምዱትንም ተመልከቱ። ታንኳ ከውኃው ብዙም ከፍ ስለማይል ነፋስ አይወድም፤ ታንኳዎቹ ወደ ዳር መሰብሰብ ከጀመሩ ለእናንተም ሰዓቱ ደርሷል። ውኃው ላይ እዚህም እዚያም የሞገድ ጫፍ ነጭ አረፋ ሲያወጣ ነፋሱ በሰዓት ከ12 እስከ 19 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው፤ ነጩ ሐይቁን ሲሞላው 20 አልፏል። ትንሽ ጀልባ ከዚህ በኋላ ወደ ክፍቱ መውጣት የለበትም።

«ስንመለስ ነፋሱ ከኋላ ስለሚሆን ይቀላል» የሚባለው ብዙ ሰው ያዘናጋል። ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ሲመጣ የሰሜኑ ሞገድ ከኋላ በሰያፍ ይደርሳል። ባለ 3 ሰከንድ ተኩሉ ሞገድ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል፤ ሰው የጫነ ጀልባ ከዚያ በታች ከሄደ ሞገዱ ይቀድመዋል። ሲደርስበት ኋላውን ያነሣዋል፣ ፕሮፔለሩ ከውኃ ወጥቶ ሞተሩ ይጮኻል፣ ለዚያች ቅጽበት መሪው አይታዘዝም፣ ጀልባው ጎኑን ለሚቀጥለው ሞገድ ይሰጣል። በዚያ ላይ ተሳፋሪው ፎቶ ለማንሣት ወይም ከርጭቱ ለመሸሽ ወደ አንድ ጎን ከተሰበሰበ መገልበጥ ይመጣል። ሕጉ አጭር ነው፦ ሁሉም ቁጭ፣ ሻንጣው መሐል ወለሉ ላይ፣ ማንም ከቦታው አይነሣም፣ ውኃ መቅጃ ጣሳ ነጂው እጅ አጠገብ። ላይፍ ጃኬት ወደቡ ላይ ታስሮ ይወጣል እንጂ ወንበር ሥር አይቀመጥም። የልጅ ልኩ ከሌለ ጉዞው ይቅር፤ የትልቅ ሰው ጃኬት ከልጅ ራስ ላይ ሾልኮ ይወጣል። ውጭ አገር ልጃቸውን ያለ መኪና ወንበር ከቤት የማያወጡ ወላጆች እዚህ ሲደርሱ ዝም ማለታቸው ያሳዝነናል። «ፈረንጅ ሆንክ» ብሎ የሚስቅ ዘመድ ቢኖርም ይሳቅ።

ሞተሩም እንደ ባሕር ጠለሉ አይደለም። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ገደማ ያጣል፣ 40 ፈረስ ጉልበት የተባለው እዚህ 33 ገደማ ነው። ቤንዚኑ አንድ ሦስተኛው ለመሄጃ፣ አንድ ሦስተኛው ለመመለሻ፣ ቀሪው ለነፋስ ቀን ተብሎ ይሰላል። እምቦጭ ፕሮፔለር ላይ ከተጠቀለለ ሞተሩ ጠፍቶ ፕሮፔለሩ ከውኃ በላይ ሳይወጣ እጅ አይገባም። መቅዘፊያ መኖሩንም ተመልከቱ።

ክረምት ላይ፣ ልጆቹ ትምህርት ሲዘጉ ሐምሌና ነሐሴ ለሚመጡት፣ ሰዓቱ ብቻ አይበቃም። ባሕር ዳር በዓመት ከምታገኘው 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ሲሆን፣ ነጎድጓዱ ከሰዓት በኋላና ማታ ይበዛል። ከደመናው ሥር የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር ዝናቡ ሳይደርስ ይቀድማል፤ አቅጣጫውም ከዕለቱ ነፋስ ጋር አይገናኝም። አየሩ በድንገት ሲቀዘቅዝና ከደመናው በታች ያለው ውኃ ጥቁር መስመር ሲያሰምር ሞገዱ ደቂቃዎች ነው የቀሩት። መብረቁን አይታችሁ ድምፁን እስክትሰሙ ቁጠሩ፣ ለ3 አካፍሉ፣ ርቀቱ በኪሎ ሜትር ያ ነው። 30 ሰከንድ ካልሞላ፣ ማለትም ከ10 ኪሎ ሜትር በታች ከሆነ፣ በአቅራቢያ ባለው ደሴት ወይም ዳር ውረዱ፤ ጀልባ ላይ ከፍ ብሎ የሚታየው የሰው ራስ ነው። አፑ ላይ የሳተላይት ምስሉ በየጥቂት ደቂቃው ስለሚታደስ ከመነሣታችሁ በፊት ደመናው በየት በኩል እያበጠ እንደሆነ ማየት ከነገው ትንበያ ይሻላል።

ሰሌዳ ላይ ቆሞ መቅዘፍ የሚወዱ ልጆች ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ያለውን ውኃ ይወዱታል። ዓባይ ከሚወጣበት አካባቢ ግን ጉማሬ ስላለ ይራቁ፤ ደንገልና ቄጠማ ያለበት ጥልቀት የሌለው ውኃ ውስጥም እግር አይነከር፣ ቢልሃርዚያ የምታስተላልፈው ቀንድ አውጣ የምትኖረው እዚያ ነው። የነካው ሰው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ይመርመር። ውጭ አገር ያለ ሐኪም ካልተነገረው ላያስበው ስለሚችል «ጣና ውኃ ውስጥ ገብቻለሁ» ብላችሁ ንገሩት፤ ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለው።

አሁን ደግሞ ተቃራኒው፤ ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳርቻ ከተማ ለሚሄደው ወጣት። የጣና ልጅ ዋናተኛ ነው፣ ጨው ባለበት ውኃ ደግሞ ሰውነት የበለጠ ይንሳፈፋል፤ ይህ ያደፋፍራል። ሐይቅ ያስተማረው ዓይን ግን አሸዋማ ዳርቻ ላይ በግልባጩ ያነብበዋል። ሞገድ የሚሰበረው ውኃው ከሞገዱ ከፍታ 1.3 እጥፍ ያህል ጥልቀት ላይ ሲደርስ ነው፤ ስለዚህ ነጭ አረፋ ያለበት ቦታ ሥሩ የአሸዋ ክምር አለ፣ ጥልቀት የለውም። በሁለት ነጭ መካከል ጠቆር ብሎ የተኛው፣ ጣና ላይ ቢሆን «እዚህ ነው የሚዋኘው» የምንለው ቦታ፣ የተከመረው ውኃ ወደ ባሕር የሚመለስበት ቦይ ነው። ሪፕ ይሉታል። በአብዛኛው በሰከንድ ግማሽ ሜትር ገደማ ይጎትታል፣ ሲበረታ ከ2 ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ፊት ለፊት ወደ ዳር የሚታገል ሰው ይደክመዋል። ተንሳፈፉ፣ እጅ አንሡ፣ ከዳርቻው ጎን ለጎን ወደ ነጩ አረፋ ዋኙ፣ ከዚያ ሞገዱ ያወጣችኋል።

አሸዋው ከማዕበል በኋላ ቦታ ይቀይራል፣ ባለፈው ሳምንት ደህና የነበረው ቦታ ዛሬ ቦይ ሊሆን ይችላል። የባሕር ሙላትና ጉድለትም አለ። ጣና ላይ የውኃው ከፍታ በወራት ነው የሚቀየረው፤ ከሰኔ ዝቅታ እስከ መስከረምና ጥቅምት ከፍታ ከ1 ሜትር በላይ ይደርሳል። በብዙ የውቅያኖስ ዳርቻዎች ግን ይህን የሚያህለው በ6 ሰዓት ውስጥ ይሆናል። ትልልቆቹ ሞገዶች በቡድን ስለሚመጡ ከመግባታችሁ በፊት 20 ደቂቃ ቁማችሁ ተመልከቱ። ትንበያው ላይ ሰከንዱ ከ12 በላይ ከሆነ፣ ከፍታው ትንሽ ቢመስልም ጀማሪ ዳር ይቁም።

ነፍስ አድን ሠራተኞች ባሉበት ሰዓትና ቦታ ብቻ ግቡ። ሜልቦርን ላይ መዋኛው በቀይና ቢጫ ባንዲራዎች መካከል ነው። ቴል አቪቭ ላይ ነጭ ባንዲራ መዋኘት ይቻላል፣ ቀይ አደገኛ ነው፣ ጥቁር ክልክል ነው።