የፍሬን ሽታ

ዛሬ እንዲሁ ሲከፋኝ ዋለ። ምን ሆነህ ነው ብትሉኝ መልስ የለኝም። ሐምሌው ይሁን እንቅልፍ ማጣቱ፣ ብቻ ከጠዋት ጀምሮ ፊቴ አልፈታ አለኝ። ማታ ከሥራ ስወጣ ደግሞ ቸርችል ጎዳና ላይ ዝናብ ያዘኝ። ሳይክሌን እየገፋሁ አንድ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ላይ ተጠለልኩ። አጠገቤ የቆመው ሎተሪ አዟሪ ልጅ ቲኬቶቹን በፌስታል ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ሸጉጧል። አልተነጋገርንም። ጎርፉ ወደ ለገሃር ሲወርድ ዝም ብለን እናያለን።

ከፒያሳ የወረደ አንድ አሮጌ አይሱዙ ፊት ለፊታችን መጥቶ ቆመ። የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ በረንዳውን ሞላው። ልጁ አፍንጫውን ያዘ። እኔ በረጅሙ ሳብኩት።

አባይ በረሃ ገባሁ።

በሳይክል አባይ በረሃ የወረድንበትን ያን ጉዞ ታውቁታላችሁ። ግን ግማሹን ብቻ ነው የነገርኳችሁ። ሰባት ዓመት ሊሞላው ነው። እኔና ያ ልጅ (የሳይክል ጓደኛዬ)፣ ሁለት አሮጌ ሳይክል፣ አራት ትርፍ ከመነዳሪ፣ አንድ ፖምፓና ሁለት ኪሎ በሶ። ያኔ ብድግ ብሎ መሄድ ይቻል ነበር። ዛሬ መንገዱ እንደዚያ እንደ ልብ አይኬድበትም። ይህም ለብቻው ሐዘን ነው።

በአዲሱ ገበያ ወጥተን፣ እንጦጦን አልፈን ሱሉልታ ወረድን። ከዚያ ጫንጮ፣ ሙከጡሪ፣ ደብረ ጽጌ፣ ፍቼ። መኪና ውስጥ ሆኖ ያየው ሰው ይህን መንገድ ሜዳ ነው ይላል። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ሳይክል ላይ ስትወጣ ግን ሜዳ የሚባል ነገር የለም። ወደ እያንዳንዷ ድልድይ ትወርዳለህ፣ ከእያንዳንዷ ድልድይ ትወጣለህ። ወደ ሙገር ወንዝ የሚወርዱትን ጅረቶች አንድ በአንድ በጉልበቴ ቆጥሬያቸዋለሁ።

ልጆች ከየጎጆው እየተንደረደሩ ይወጡ ነበር። ሄልሜታችንን አይተው "ፈረንጅ! ፈረንጅ!" ይሉናል። ቆም ብለን "አካም ጅርቱ?" ስንላቸው ይደነግጡና ሳቃቸው ይመጣል። ከገብረ ጉራቻ ወዲያ አንዲት እማማ ከደጃቸው ተነስተው አስቆሙን። ሳይክሎቹን ከላይ እስከ ታች አዩዋቸው። "ልጆቼ፣ ከአዲስ አበባ በዚህ? መኪና አጥታችሁ ነው?" አሉ። ያ ልጅ "አይ፣ አገር ልናይ ነው" አላቸው። "እኮ፣ አገሩ በመኪና አይታይም?" አሉና መልሱን ሳይጠብቁ እርጎ ሊያመጡ ገቡ። ያን እርጎ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ጎሐ ጽዮን ከአዲስ አበባ 185 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ መሬቱ ያልቃል። ጠዋት ጃኬታችንን ቆልፈን ቁልቁለቱን ጀመርነው። ሲጋመስ ጃኬቱ ወለቀ። ወንዙ ጋ ስንደርስ ሸሚዙም ከበደን። ወደ 20 ኪሎ ሜትር በሚሆን መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው የምትወርደው። ተራራው ስለሚንሸራተት አስፋልቱ ቦታ ቦታ ላይ እንደ ተጨማደደ ጨርቅ ሆኗል። የከባድ መኪኖች ፍሬን ሽታ ከመታጠፊያ መታጠፊያ ይከተልሃል። የእኛም ቸርኬ ግሎ በእጅ አይነካም ነበር። ውሃ ጠብ ሳደርግበት ቸስ አለ። ሁለቴ ቆመን አበረድነው።

በጃፓን እርዳታ የተሠራው አዲሱ ድልድይ 303 ሜትር ይረዝማል። አሮጌው ከጎኑ አለ። ጥበቃዎቹ ፎቶ ክልክል ነው አሉን። ስለዚህ ቆሜ በዓይኔ ብቻ ጠጣሁት። ውሃው ቡና በወተት ይመስላል። ድምፁ ከጠበቅኩት ያነሰ ነበር።

እስከዚህ ያለውን ነግሬያችኋለሁ። ያልነገርኳችሁ ዳገቱን ነው።

ከድልድዩ ወደ ደጀን ሲወጣ ሙቀቱ ከላይም ከታችም ይመጣል። ትንሹ ማርሽ ላይ ሆኜም እግሬ አልዞር አለ። ከፊቴ አንድ ሲሚንቶ የጫነ አሮጌ ተሳቢ እያቃሰተ ይወጣል። የኔም የሱም ፍጥነት እኩል ነው፤ ማለትም የሰው እርምጃ። ከኋላው አንድ ረዳት በእግሩ ይከተላል። በቀኝ እጁ ታኮ ይዟል። ገመድ የታሰረበት፣ አንድ ጎኑ የሾለ ግንድ ነው። ሞተሩ ሲሰንፍ ሮጦ ከኋላ ጎማው ሥር ይሸጉጠዋል። መኪናው ሲነሳ በገመዱ ጎትቶ ያወጣውና እንደገና ይከተላል።

ከሳይክሌ ወርጄ ጎን ለጎን ሄድን። "ወንድሜ፣ ተሳቢውን ያዝና ይጎትትህ" አለኝ። እምቢ አልኩ። ትንሽ እንደሄድን "ከዚህ ላይ ሲታይ እንዴት ያምራል!" አልኩት ገደሉን እያሳየሁ። ቀና አላለም።

"እኔ ጎማውን ነው የማየው" አለኝ። "ዓይኔን ካነሳሁ አለቀ።"

እዚያ ቦታ ላይ ነው ከሳይክል ይልቅ ስለ አባባ ማሰብ የጀመርኩት። ዛሬም በረንዳው ላይ ቆሜ የማስበው እሱን ነበር።

አባባ የዚያ መንገድ ረዳት እንደነበር ከናንተ የሚያውቁ አሉ። ፊያት ኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ ነው የሠራው። ተወልዶ ያደገው ከአባይ ማዶ፣ ከደጀን ብዙም ሳይርቅ ነው። መኪና ይዞት አዲስ አበባ ገባና እዚሁ ቀረ። ታኮው ዛሬ አራት ኪሎ እኔ ቤት አለ። የሳሎኑ በር በነፋስ እንዳይዘጋ እሱን ነው የማስደግፈው። ከምን እንጨት እንደተጠረበ አይለይም፤ ዘይት ጠጥቶ ጠጥቶ ጠቁሯል። በሾለው ጎኑ ላይ የጎማ ጥርስ ማኅተም የመሰለ ነገር ታትሞበታል። ስትዳስሰው እንደ ማበጠሪያ ጣት ላይ ይሄዳል። ገመዱ የነበረበት ቀዳዳ ግን በጣም ለስልሷል። እናቴ ሁለቴ ልትማግደው ነበር። ሁለቴም ከምድጃው አፍ ቀማኋት።

አባባ ስለ አባይ በረሃ ሲያወራ አይደክመውም ነበር። የቱ መታጠፊያ ላይ ተሳቢ እንደሚያንሸራትት። የፍሬን ሸራ ሲቃጠል መጀመሪያ ምን እንደሚሸት፣ ቆይቶ ምን እንደሚሸት። ሌሊት በባትሪ ጎማ ማየት እንዴት እንደሆነ። ታኮውን አንዲት ሰከንድ ያዘገየ ጓደኛው ምን እንደደረሰበት። ወንዙን ግን ሲያነሳ ሰምቼው አላውቅም። ውሃው፣ ገደሉ፣ ማዶው፣ ጠዋት ላይ የሚተኛው ጉም፣ ምንም።

ሳይክል ያስተማረኝም እሱ ነው። ሰፈራችን በስሙኒ አንድ ዙር ይከራይ ነበር። አባባ ራሱ ነድቶ አያውቅም። ግን ኮርቻውን ከኋላ ይዞ ይሮጥልኝ ነበር። "አይዞህ ገረመው!" ይለኛል። ገረመው ደንቦባ ማለቱ ነው፤ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ኦሎምፒክ ላይ ለኢትዮጵያ የተወዳደረው ብስክሌተኛ። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ከመሮጡ 4 ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ለቆኝ ብቻዬን የነዳሁ ቀን ደስታው ቢያሰክረኝ ዞር ብዬ አየሁት። አባባ እኔን አያይም ነበር። የሚያየው የኋላውን ጎማ ነው። ያኔ ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር። ለምን እንደሆነ የገባኝ በስንት ዘመኑ፣ ያ ረዳት ሲነግረኝ ነው።

ያን ቀን ደጀንን በሳይክል አልገባሁም። ፀሐይ ስትጠልቅ ገና ዳገቱ ላይ ነበርን። የዚያ ልጅ ጉልበት አብጦ ስለነበር ሳይክሎቹን አንድ አይሱዙ ላይ ጭነን በጨለማ ወጣን። ጋቢና ውስጥ እንቅልፍ ወሰደኝ። አባባ ዕድሜውን ያፈሰሰበትን ዳገት ተኝቼ አለፍኩት። ይህ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ከዚያ ወዲህ አዲስ አበባም ሌላ ሆነችብኝ። ከአራት ኪሎ መገናኛ ስሄድ ግንፍሌ አለ፣ ቀበና አለ። ስንት ዓመት በታክሲ ተሻግሬያቸዋለሁ፤ ወንዝ መሆናቸው ትዝ አይለኝም ነበር። አሁን ቁልቁለቱ ሲጀምር እጄ ፍሬን ላይ ይሄዳል፣ ድልድዩን ሳልፍ እግሬ ለዳገቱ ይዘጋጃል። ቀበና ድልድይ ላይ አንዳንዴ ቆሜ ወደ ታች አያለሁ። ቆሻሻ ነው፣ ይሸታል። ቢሆንም ሸለቆ ነው። ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

የዛሬው ጎርፍም ቢሆን አባይን አያገኘውም። ከእንጦጦ ወዲህ የዘነበው ወደ አቃቂ ነው የሚሄደው፤ ከአቃቂ አዋሽ ይገባል፣ አዋሽም ባሕር ሳያይ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። ከእንጦጦ ወዲያ ሱሉልታ ላይ የዘነበው ግን ሙገር ገብቶ አባይ ይሆናል። ጎርፉን እያየሁ ይህን ሳስብ ዝናቡ አባርቷል። ሎተሪ አዟሪው መቼ እንደሄደ አላየሁም።

ቤት ገብቼ በሩን ከፍቼ ታኮውን አስደገፍኩ። እናቴ ወንበሯ ላይ ናት። "እማዬ፣ አባባ አባይን አይቶት ያውቃል?" አልኳት።

"ምን ማለትህ ነው? ስንቴ ተመላልሶበት!"

"መመላለሱን አይደለም። ቆሞ አይቶታል ወይ?"

ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ታኮውን አየችው። "ይጠየቅ ነበር እኮ" አለች በመጨረሻ።

እሷ ተኝታለች። እኔ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። እስቲ አንድ ሌሊት፣ ጎማ ሊቀየር መኪናው ድልድዩ ጋ ቆሞ፣ ሹፌሩ ተኝቶ፣ ታኮው ጎማው ሥር በደንብ ገብቶ፣ አባባ ቀና ብሎ ይሆን?