131 ኪሎ ሆኜ ሮለር ኮስተር ላይ እንዴት እንደወጣሁ

ጅማ ላይ ቦርጫም መሆን ያን ያህል አያስቸግርም። ባጃጅ ውስጥ ከኋላ ሶስተኛ ሰው ሊገባ ሲል እኔን ያይና ይተወዋል፣ ሚኒባስ ላይ ረዳቱ "ጠጋ በሉ" ሲል ሁሉም ዞሮ እኔን ያያል፣ አለቀ። እንደውም ሱቄ የሚመጣው ሰው "አቦ ተመችቶሃል" ነው የሚለኝ። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ የህንፃ መሳሪያ እሸጣለሁ፣ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ነው፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ78፣ ክብደቴ ያኔ 131 ኪሎ። ቁጥሩን ያዙልኝ፣ በኋላ ያስፈልጋል።

ነገሩ የመጣው በእህቴ ልጅ ነው። እህቴ ዱባይ ነው የምትኖረው፣ ልጇ 1 ሜትር ከ30 ሞላሁ ብሎ በቪዲዮ እየደወለ "አጎቴ ስትመጣ ሮለር ኮስተር ላይ አብረን ነው የምንወጣው" ይለኛል (ሮለር ኮስተር ማለት መዝናኛ ፓርክ ውስጥ ሃዲድ ላይ ሽቅብ ቁልቁል የሚከንፈው ባቡር ነው)፣ አባቱ ከፍታ ይፈራል፣ እናቱ ደሞ ጭራሽ ስሙን መስማት አትፈልግም፣ ስለዚ ዕጣው እኔ ላይ ወደቀ። ልጁ የሚያልመው አቡዳቢ ፌራሪ ወርልድ የሚባለው ፓርክ ውስጥ ያለውን ፎርሙላ ሮሳ የሚባል ሮለር ኮስተር ነው፣ በፈረንጆቹ 2010 የተከፈተው፣ ከቆመበት ተነስቶ 5 ሰከንድ ሳይሞላ 240 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚገባው፣ አሸዋና ነፍሳት አይን እንዳይገባ መነፅር የሚደረግበት። ለሱ ፍጥነቱ ነው ወሬው፣ እኔ የማስበው ወንበሩን ነው።

ማታ ሱቅ ዘግቼ ስገባ ማንበብና ቪዲዮ ማየት ጀመርኩ። መጀመሪያ የፈለኩት አንድ ቁጥር ነበር፣ እስከ ስንት ኪሎ ነው የሚፈቀደው የሚል። ይሄን ቁጥር አብዛኛው ሮለር ኮስተር ላይ አታገኙትም ምክንያቱም ሰውን ወንበሩ ላይ የሚይዘው ብረት ኪሎ አይመዝንም፣ የሰውነት ቅርፅ ነው የሚገጥመው። 131 ኪሎ ሆኖ 2 ሜትር የሚጠጋ ሰው ዘና ብሎ ሊገባ ይችላል፣ 105 ኪሎ ሆኖ አጭርና ሆዱ የወጣ ሰው ላይገባ ይችላል። ስጋው የት ነው የተቀመጠው? እሱ ነው ጥያቄው።

መያዣዎቹ በጥቅሉ ሁለት አይነት ናቸው። አንዱ ከፊት መጥቶ ጭን ላይ የሚያርፈው ነው፣ ላፕ ባር የሚሉት። ሌላው ከጭንቅላት በላይ ወርዶ ትከሻና ደረት የሚይዘው። ላፕ ባር ላይ የሚያስቸግረው ሆድና ጭን ነው፣ የትከሻው ላይ ደግሞ ደረት። የትከሻው ብዙ ጊዜ ከወንበሩ ጋር የሚያያይዘው አጭር ቀበቶ አለው፣ እሷ ካልደረሰች ብረቱ ቢዘጋም አትሄዱም። አንዳንድ ባቡር ላይ ረዘም ያለ ወይም ሁለት ቀበቶ ያላቸው ለትልልቅ ሰው የተሰሩ ወንበሮች በተወሰነ ረድፍ ላይ አሉ፣ ካልጠየቃችሁ ግን ነግሮ የሚወስዳችሁ ሰው የለም።

አቆላለፉም ይለያያል። የድሮው ጥርስ አለው፣ ቀጭ ቀጭ እያለ ይወርዳል፣ ሁለት ጥርስ መሃል ላይ ከቀራችሁ የሚቆለፈው ላይኛው ላይ ነው፣ ለአንድ ጣት ስፋት ብላችሁ ልትመለሱ ትችላላችሁ። ሃይድሮሊክ የሆነው፣ በፈሳሽ ግፊት የሚሰራው፣ ድምፅ የለውም፣ በደረሰበት ይቆለፋል። ለኔ አይነቱ ሰው ሃይድሮሊኩ ይሻላል ግን በደረሰበት ይቆለፋል ማለት ሆድ ላይም ይቆለፋል ማለት ነው፣ ለዛ ነው ብረቱ የተወሰነ ቦታ ድረስ ካልወረደ ባቡሩ እንዳይነሳ የሚያደርግ ሴንሰር የሚኖረው፣ ሰራተኛውም በእጁ ገፋ ጎተት አርጎ የሚያየው።

ሆድ ላይ መቆለፍ ምን ችግር አለው የሚል ካለ፣ እኔም ጠይቄ ነበር። ባቡሩ የኮረብታው ጫፍ ላይ ደርሶ ወደታች ሲታጠፍ ሰውነታችሁ ግን ወደላይ መሄዱን ይቀጥላል፣ ከወንበር ብድግ የምትሉባት ሰከንድ እሷ ናት፣ ያኔ የሚይዛችሁ ብረቱ ብቻ ነው። ሆድ ደሞ ይጨመቃል። ቡና ስታስጭኑ አይታችሁ ከሆነ ያልሞላ ጆንያ ወገቡን በገመድ አስራችሁ ብታነሱት ፍሬው ይሸሽና ገመዱ ሾልኮ ይወጣል፣ እንደሱ ነው። ጭን ስርና ዳሌ ላይ ያረፈ ብረት ግን አጥንት ነው የሚይዘው፣ አጥንት የትም አይሸሽም።

ይሄ ደሞ ዝም ብሎ ወሬ አይደለም። በ2004 አሜሪካ ማሳቹሴትስ ውስጥ አንድ ሰው ከሮለር ኮስተር ወድቆ ሞቷል፣ መርማሪዎቹ ያሉት ብረቱ በሆዱ ምክንያት ጭኑ ላይ በደምብ አላረፈም ነው። በ2013 ቴክሳስ ላይ ቴክሳስ ጃያንት ከሚባለው አንዲት ሴት ወድቃ ሞተች፣ ከዛ በኋላ ነው ፓርኩ ላፕ ባሩ ላይ ቀበቶ ጨምሮ የከፈተው። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን የ2022ቱ ኦርላንዶ ላይ የሆነው ነው። 14 አመት ልጅ፣ ከ170 ኪሎ በላይ የሚመዝን፣ ከፍ ካለ ማማ ቁልቁል የሚለቅ ድሮፕ ታወር ላይ ወጣ፣ የፋብሪካው መመሪያ የሚፈቅደው 130 ኪሎ ገደማ ነበር፣ ሌሎች ቦታ ሳይሆንለት ቀርቶ እዚህ ግን ተቀበሉት። በኋላ ሲጣራ የሱ ወንበር ሴንሰር በእጅ ተስተካክሎ ብረቱ ከሚገባው በላይ ክፍት ሆኖም "ተዘግቷል" እንዲል ተደርጓል። ቀበቶም አልነበረውም። ልጁ ተንሸራቶ ወደቀ። እኔ 131 ኪሎ ነኝ አላልኳችሁም? ያን ቀን ለእህቴ ደውዬ ሮለር ኮስተር እሞክራለሁ፣ ድሮፕ ታወር የሚባል ነገር ግን አጠገቡም አልደርስም አልኳት።

ከዛ ወደ ልኬት ገባሁ። መርካቶ አንድ የማውቃቸው ልብስ ሰፊ አሉ፣ ሄጄ "ጋሼ ቁጭ ብዬ ይለኩኝ" ስላቸው መነፅራቸውን ዝቅ አርገው አዩኝ።

"ልጄ፣ ሱሪ ተቀምጠህ ነው እንዴ የምትለብሰው?"

ለኩኝ። ቆሜ ወገቤ 128 ሴንቲ ነው፣ ቁጭ ስል 137 ሆነ። ይቺን ልዩነት ልብ በሉ፣ ወንበሩ የሚያውቀው የተቀመጠውን ሰው ነው። ኢንተርኔት ላይ የሆነ ሰው "ወገቤ ይሄን ያህል ነው ገብቼያለሁ" ሲል ቆሞ ይሁን ተቀምጦ ካልነገራችሁ አትመኑት።

ቤት ደሞ ልምምድ። የጅማ በርጩማ ለዚህ ነገር አይሆንም፣ መደገፊያ የለውም፣ ስለዚ የምግብ ጠረጴዛውን ወንበር አመጣሁና ባለቤቴ የመጥረጊያውን እንጨት በሁለት እጇ ይዛ ከፊቴ ቆመች፣ እሷ ላፕ ባር መሆኗ ነው። እንደ ልማዴ ተቀመጥኩ፣ እንጨቱን ስታወርደው ሆዴ ላይ ቆመ፣ ከጭኔ በላይ አንድ ጭብጥ ያህል ክፍተት ነበረ። ትንሽ ቆይተን ነው ያየነው፣ ቦርጭ ያለው ሰው ሳያውቀው ወደፊት ሸርተት ብሎ ነው የሚቀመጠው፣ ጀርባው ይደገፋል መቀመጫው ግን ከወንበሩ ጀርባ ይርቃል፣ ዳሌ ይተኛል ሆድ ወደፊትና ወደታች ይመጣል። ብድግ ብዬ መቀመጫዬን መጨረሻ ድረስ ወደኋላ ገፋሁት፣ ደረቴን ቀና አረኩ፣ እግሬን መሬት ረግጬ ሆዴን በሁለት እጄ ወደላይ አነሳሁት (አዎ፣ ያሳፍራል፣ ሰው ፊት ነው የምታረጉት፣ አርጉት) ከዛ አየር አወጣሁ። "አሁን" ስላት እንጨቱ ሆዴ ስር ገብቶ ጭኔ ላይ ቁጭ አለ። ባለቤቴ ከሳቋ የተነሳ እንጨቱን ለቀቀችው። ሰውየው ያው ነው፣ 131 ኪሎ፣ የተለወጠው አቀማመጡ ብቻ።

በመሃል "ለምን አትቀንስም" የሚለኝ ሰው አልጠፋም፣ እሺ፣ እየሞከርኩ ነው፣ ቪዛው ግን አይጠብቅም።

የሄድንባቸውን ፓርኮች ስም አልጠራም። ጠዋት እንደተከፈተ ነው የገባነው፣ ሰልፍ ሳይኖር ሰራተኛው ጊዜ አለው፣ ከኋላችሁ የሚያጉረመርም ሰው የለም። ስስ ሱሪ ለበስኩ፣ ቀበቶ አላረኩም፣ ስልክና ቦርሳዬን ለእህቴ ሰጠሁ፣ ኪስ ውስጥ ያለ ስልክ ብረቱ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው የሚተኛው። በሩ ላይ የመሞከሪያ ወንበር ነበር፣ ከእውነተኛው ጋር አንድ አይነት የሆነ፣ ብረቱ በቂ ሲወርድ አረንጓዴ መብራት የሚያበራ። ሁሉም ፓርክ የለውም፣ ካለ ግን ሰልፍ ከመያዛችሁ በፊት እዛ ተቀመጡ። እህቴ "ወንድም ጋሼ ሰው እያየን ነው" ትላለች፣ ይዩ አልኳት። መጀመሪያ አልበራም። ወደኋላ፣ ደረት ቀና፣ ሆድ ወደላይ፣ ትንፋሽ ወደውጪ፣ በራ።

እውነተኛው ወንበር ላይ ስደርስ ለሰራተኛዋ ብረቱን እኔ ሳልሆን እሷ እንድትጭነው ነገርኳት፣ በስብርባሪ እንግሊዝኛዬ፣ ገባት። ትንፋሼን ሳወጣ አንዴ ገፋችው፣ ጭኔ ላይ አረፈ፣ ጎትታ አየችው፣ አውራ ጣቷን አሳየችኝ። ስለ ጉዞው ብዙ የምለው የለኝም፣ ጮኽኩ፣ ልጁ በኔ ሳቀ። አንድ ነገር ግን፣ ኮረብታው ላይ ብድግ ስል ብረቱ ጭኔን ሲይዘኝ ተሰማኝ፣ ሆዴ ላይ ምንም ጫና አልነበረም፣ ያቺን ስሜት ነው መፈለግ ያለባችሁ። ከመነሳቱ በፊት ብረቱና ጭናችሁ መሃል እጃችሁ ዘና ብሎ የሚገባ ከሆነ እጃችሁን አውጥታችሁ ሰራተኛ ጥሩ።

ሁለተኛው የትከሻ ነበር፣ ሌላ ፓርክ። የመሞከሪያ ወንበር የለውም። ብረቱ ወረደ፣ ቀበቶዋ ግን ሁለት ጣት ቀራት። ትልልቅ ወንበር ያለው ረድፍ አለ ወይ ብዬ ጠየኩ፣ የለም። ከዛ ሁለት ጎረምሶች መጥተው አንዱ በትከሻው ሊጫነኝ ሌላው ቀበቶዋን ሊጎትት ጀመሩ፣ ደግነት ነው ሃሳባቸው፣ ግን እኔ መተንፈስ አቃተኝ፣ ገና ባቡሩ ሳይነሳ። በጉልበት የተዘጋ ነገር ሲታጠፍና ሲገለበጥ ደረት ላይ የበለጠ ይጠብቃል፣ የጎድን አጥንት ነው የሚከፍለው። "ተዉት" ብዬ ወረድኩ፣ የእህቴ ልጅ ቦታው ላይ ስለነበር ብቻውን ሄደ፣ እኔ በሌላኛው በር ወጥቼ ቁጭ ብዬ ጠበኩት። ድሮፕ ታወሩ ጋ ስንደርስ ሰሌዳው ላይ 120 ኪሎ ብሎ ተጽፏል፣ በሩ ላይ የቆመው ልጅ ግን "ግባ ችግር የለም" አይነት ምልክት ሰጠኝ። አልገባሁም። ክብደት ተጽፎ ካያችሁ ሰራተኛው ፈቀደ አልፈቀደ ቁጥሩን ስሙ፣ ፋብሪካው ነው የጻፈው።

ለመሄድ ያሰባችሁ ቀደም ብላችሁ ለፓርኩ ኢሜይል ጻፉ፣ ቁመታችሁን፣ ተቀምጣችሁ የተለካውን ወገብና ደረት አስቀምጡ፣ የትኛው ላይ ላፕ ባር ነው የትኛው ላይ የትከሻ ነው ብላችሁ ጠይቁ፣ እኔ የጻፍኩላቸው መልሰውልኛል። አብሯችሁ የሚሄደውን ሰውም አስቀድማችሁ ንገሩት፣ አይሆንም ካሉኝ አይሆንም ነው፣ ማንም ስለኔ እንዳይጨቃጨቅ በሉት፣ እህቴ የትከሻው ጋ በአረብኛ ልታፋጥጣቸው ስትነሳ እጇን ይዤ ነው ያወጣኋት።